መኪናውን መጠበቅና ሰውን መሰለል

ከቶጎ ውጫሌ ተነሥቶ በሐርጌሳ በኩል ወደ በርበራ ወደብ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ያኽላል። በዚህ መንገድ ላይ እህልና ሲሚንቶ፣ ዘይትና ብረታ ብረት የጫኑ ከባድ መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ፤ በርበራም በ2021 ዓ.ም. አዲሱን የኮንቴይነር ማራገፊያ ከከፈተ ወዲህ የነጋዴው ዓይን ወደዚሁ መንገድ ይበልጥ አዘንብሏል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን፤ ለይተን ካላመለከትን በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይወቁልን።) ከእነዚህ መኪናዎች በአያሌዎቹ ጋቢና ውስጥ ነጂውና ረዳቱ ሁለት ብቻ ሆነው የሚጓዙ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ከመሪው ኋላ ተሸሽጎ የተቀመጠ፤ መጠኑ ከክብሪት ሳጥን ብዙ የማይበልጥ ሦስተኛ መንገደኛ አለ። ይኸውም ጂፒኤስ የሚባለው የመከታተያ መሣሪያ ነው።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ስለዚሁ መንገደኛ ነው። አሠሪ ይህን መሣሪያ በመኪናው ላይ ማስገባቱ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክር በእኛ አስተያየት ያለፈ ነገር ነው፤ መሣሪያው ገብቷል፤ ተመልሶም አይወጣም። የቀረው ጥያቄ፤ መኪናውን ለመጠበቅ የተገዛው ዕቃ ሰውየውን መሰለያ እንዳይሆን ወሰኑ በየት ላይ ይተከል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አሳብ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙ ሰዎች «ሳተላይት ያየናል» ሲሉ ይሰማሉ። ሳተላይት ግን ማንንም አያይም። ከምድር በላይ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሥራቸው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ስፍራ ሳያቋርጡ መናገር ብቻ ነው፤ ከታች የሚመለስላቸውን ቃል አይቀበሉም። በመኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የደረሰውን ምልክት አመሳክሮ የቆመበትን ስፍራ ራሱ ያሰላል። ወሬውን ለባለንብረቱ የሚያደርሰው በውስጡ ያለው የስልክ ሲም ካርድ ነው፤ የስልክ መረብ በማይገኝበት በረሃም ያየውን ሁሉ መዝግቦ ይይዝና መረቡን ባገኘ ጊዜ አንድ ላይ ያራግፈዋል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገሩ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን ሰው ያዘዘው፣ ሰው በየወሩ የሚከፍልበትና ሰው በፈለገ ጊዜ ሊያቆመው የሚችል ሥራ ነውና።

የዕቃው ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለጦር ኃይሉ ሲል የጀመረው ሲሆን፤ የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት የተላከችው በ1978 ዓ.ም. ነው። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ዓ.ም. አንድ የኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን መንገዱን ስቶ በሶቪየት ኅብረት ሰማይ ውስጥ በመግባቱ በጦር አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ሬገን መሣሪያው ሲጠናቀቅ ለዓለም ሁሉ ሲቪል አገልግሎት ክፍት እንዲሆን መንግሥታቸው የወሰነውን አስታወቁ። እስከ ሜይ ወር 2000 ዓ.ም. ድረስ ግን ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር። እንግዲህ መንገደኛ እንዳይጠፋ የተለገሰው ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሠራተኛ እንዳይሰወር የሚያገለግል ሆነ።

ባለንብረቱ ይህን መሣሪያ ያለ ምክንያት ገዝቶታል አንልም። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡ ከወንድምና ከአጎት፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመድም ተለምኖ የተሰባሰበ ነው። ናፍጣው በመንገድ ላይ በጀሪካን ሲሸጥ፤ አዲሱ ጎማ በአሮጌ ሲለወጥ፤ ያልታዘዘ ጭነት ሲጫን፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ሒሳቡ ከጎደለ በኋላ ነበር። ሀብቱ የት እንዳለ ለማወቅ መፈለጉ ነውር ሊባል አይገባም። ነጂዎችም ሁሉ ቅዱሳን ናቸው ብለን አንከራከርም።

በሐርጌሳ ደግሞ ከናፍጣ የከበደ ሌላ ምክንያት አለ። በኦክቶበር ወር 2003 ዓ.ም. በቦረማ ከተማ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኞችን ሲረዱ የኖሩት ኢጣልያዊት ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ በጥይት ተገደሉ፤ በዚያው ወር በሼኽ ከተማ ሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት መምህራን በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ፤ በማርች 2004 ዓ.ም. በሐርጌሳና በበርበራ መካከል በአንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ላይ ተተኩሶ አንዲት ኬንያዊት ሞቱ። በኦክቶበር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በሐርጌሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ጠዋት ፈንጂ የጫኑ መኪናዎች በሦስት ስፍራ ፈነዱ፤ ከተመቱትም አንዱ የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤት ነበር። ከዚህ ሁሉ የተነሣ የውጭ አገር ሰዎች ከከተማ ሲወጡ ልዩ የጥበቃ ፖሊስ እንዲያጅባቸው፤ የእርዳታ ድርጅቶች ነጂዎችም በየተወሰነው ሰዓት ያሉበትን ስፍራ በራዲዮ እንዲያስታውቁ ልማድ ሆነ። እንዲህ ያለውን መከራ ያየ ከተማ፤ መኪናው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅን እንደ ስድብ አይቈጥረውም።

ነገር ግን ራዲዮውንና ጂፒኤሱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በራዲዮ ጊዜ የሚናገረው ነጂው ራሱ ነበር። «እዚህ ደርሻለሁ፤ ሁሉም ደኅና ነው» ሲል ቃሉ የእርሱ ነበረ፤ የሚሰማውም ሰው በስሙ ይጠራውና ይመልስለት ነበር። የተናገረውን ያውቃል፤ ያልተናገረውንም ያውቃል። ዛሬ ግን ስለ ነጂው የሚናገረው መሣሪያው ነው፤ ነጂውም ምን እንደ ተነገረበት፣ ለማን እንደ ተነገረና እስከ መቼ ተጽፎ እንደሚቀመጥ አያውቅም። ራዲዮው ሲዘጋ ዝም ይላል፤ ይህኛው መኪናው ከቆመ በኋላም አይተኛም።

የነገሩ ክፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ድርጅቶች ለአስቸኳይ ጉዳይ እንዲመች መኪናው ሌሊቱን በነጂው ደጅ እንዲያድር ያደርጋሉ። እንግዲያውስ ሥራው በ11 ሰዓት ቢያልቅም ምዝገባው አያልቅም። ሰውየው ማታ በየትኛው የጫት መቃሚያ ቤት እንደ ተቀመጠ፤ ልጁን ወደ የትኛው ሐኪም ቤት እንደ ወሰደ፤ ዓርብ ቀን በየትኛው መስጊድ እንደ ሰገደ፤ በምርጫ ሰሞን በማን ግቢ ፊት እንደ ቆመ፤ ይህ ሁሉ በአንድ የሒሳብ ሹም ጠረጴዛ ላይ እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይገኛል። «በድርጅቱ መኪና ለግል ጉዳይ ለምን ሄደ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም፤ እንዳይሄድበት ከተፈለገ መኪናው በድርጅቱ ግቢ ይደር። በደጁ አሳድሮ፤ በሌሊትም ጠርቶ እያዘዘ፤ ደግሞም የሌሊት ኑሮውን መቍጠር ግን ሁለት ጊዜ መብላት ነው።

ሌላም ነገር አለ። መሣሪያው ስፍራን ያውቃል እንጂ ምክንያትን አያውቅም። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ለሶላት የቆመውን ነጂና ናፍጣ ሊሸጥ የቆመውን ነጂ አንድ ዓይነት ነጥብ አድርጎ ነው የሚያሳያቸው። በዝናብ ወራት ደረቁ የወንዝ ጎድጓዳ በድንገት ሲሞላ፤ አስተዋይ ነጂ ውሃው እስኪጐድል ሁለትና ሦስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሞኙ ገብቶ ይወሰዳል። በመስኮቱ ላይ ግን አስተዋዩ ሰነፍ ሆኖ ይታያል። የሐርጌሳን ትንንሽ መኪናዎችም እንመልከት፤ መንገዱ በቀኝ የሚነዳበት ሲሆን፤ ከውጭ የሚገቡት ያገለገሉ መኪናዎች አብዛኞቹ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። በቀኝ ተቀምጦ በቀኝ የሚነዳ ሰው፤ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ የሚመጣው አይታየውም፤ ስለዚህ ብልህ ከሆነ ከጭነት መኪናው ኋላ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህን የሚያውቀው በመንገዱ የነዳ አለቃ ነው፤ በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሆኖ ነጥብ የሚቈጥር አለቃ ግን «ለምን ዘገየህ?» ብሎ ደመወዝ ይቈርጣል።

መከታተያው የሰው ሕይወት ያድናል፤ ፍጥነትን ይቀንሳል የሚለውም ክርክር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በሐርጌሳ የሚኖር ሰው ሁሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣ የጫት መኪና ሲቃረብ ዳር መያዝን ተምሯል። ጫቱ ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃልና ነጂው የሚሮጠው ከሰዓት ጋር ነው። እንዲህ ላለው ባለንብረት የመከታተያውን መሣሪያ ቢሰጡት፤ ፍጥነቱን አይቶ «ቀስ በል» ይላል ብሎ የሚያምን ካለ የዋህ ነው፤ «አሁንም ጅጅጋ ነህን?» ብሎ ይደውልለታል እንጂ። መሣሪያው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ስንት ደቂቃ ዘገየ ብሎ ከጠየቀው ደቂቃ ይቈጥርለታል፤ ነጂው ያለ እንቅልፍ ስንት ሰዓት ነዳ ብሎ ከጠየቀው ግን ያንንም ይነግረዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቀው ማነው?

በዚህ አገር ደግሞ ነገሩ በነጂውና በባለንብረቱ መካከል ብቻ አይቀርም። በሶማሌዎች የአገር ሥርዓት፤ ሔር በሚሉት፤ አንድ ሰው በመኪና ሌላውን ሰው ገጭቶ ቢገድል፤ ዲያ ወይም ማግ የሚባለውን የደም ካሣ የሚያዋጣው ዘመዱ ሁሉ ነው። የአንድ ወንድ ነፍስ ካሣ በልማዱ 100 ግመል መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ በዛፍ ሥር ተቀምጠው «ልጃችሁ ስንት ፍጥነት ይነዳ ነበር?» «ከመቼ ጀምሮ ሳይተኛ ነበር?» «ማን አዝዞት ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፤ እውነተኛው መልስ በባለንብረቱ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ ለነጂው የሚጠቅም ሲሆን ይጠፋል፤ የሚጐዳው ሲሆን ይወጣል፤ እንዲህ ከሆነ የሚበደለው አንድ ሹፌር ሳይሆን ከልጅ እስከ ሽማግሌ የሚያዋጣው ጐሣ በሙሉ ነው። የመዝገቡ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የመወሰኑ ጉዳይ ቅንጦት አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ላይ አስቀድሞ ተከራክሯል። በአውሮፓ የጭነት መኪና ነጂ የነዳበትን ሰዓትና ፍጥነት የሚመዘግበው ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ በ1970 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ሲታዘዝ፤ የእንግሊዝ ነጂዎችና ማኅበራቸው «በጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰላይ» ብለው ተቃወሙት፤ መንግሥታቸውም ሳይፈጽመው ቆይቶ በ1979 ዓ.ም. በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተረታ። ነገር ግን ዛሬ ነጂው በቀን ከ9 ሰዓት በላይ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ 10 ሰዓት እንጂ፤ እንዳይነዳ፤ ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላም 45 ደቂቃ እንዲያርፍ የሚለው ደንብ የሚጠበቀው በዚያው ሰላይ ምስክርነት ነው። ሰላዩ ወደ ነጂው ወገን ሊዞር የቻለው፤ መዝገቡን አሠሪው ብቻውን ሳይሆን ነጂውም የመንግሥት ተቈጣጣሪውም እንዲያዩት በሕግ ስለ ታዘዘ ነው።

በኒው ዮርክ ደግሞ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሥራ ሰዓቱን ያጭበረብራል ተብሎ በመጠርጠሩ፤ በገዛ መኪናው ላይ በምሥጢር ጂፒኤስ ተለጥፎበት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሥራ ሰዓቱን ለመቈጣጠር መከታተሉን በመርኅ ሳይነቅፍ፤ ማታ፣ በዕረፍት ቀንና ከቤተ ሰቡ ጋር ለሽርሽር በሄደበት ጊዜ ሁሉ መከታተሉ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ማስረጃውን ሰረዘው። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በዲሴምበር 2022 ዓ.ም. በአንድ ፖርቱጋላዊ የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ጉዳይ ላይ ለአሠሪው ፈረደ። በዚያ ጉዳይ ሠራተኛው መሣሪያው እንዳለ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ የአገሩም ፍርድ ቤት የተቀበለው መኪናው የሄደበትን ርቀት ብቻ እንጂ የሄደበትን ስፍራ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ዳኞቹ የተለያዩት 4 ለ 3 ነው። እኛ ከሁለቱ ፍርዶች ለአሠሪ የተፈረደበትን ይበልጥ እንወድደዋለን፤ ልኩ የት እንደ ሆነ በጥርት የሚታየው በእርሱ ነውና፤ ኪሎ ሜትሩ የአሠሪው ነው፤ ስፍራው ግን ሁልጊዜ የአሠሪው አይደለም።

ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የሚመጣው ነጂ በአሁኑ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ትራንስፖርት ሚኒስቴር የፍጥነት መገደቢያና መከታተያ እንዲገጠም ያዝዛል፤ ጉምሩክ በተላላፊ ጭነት ላይ የኤሌክትሮኒክ ማኅተም ያስራል፤ ባለንብረቱም የራሱን ይጨምርበታል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። በዚህ አዋጅ መሠረት ስለ ሰው የሚሰበሰብ ነገር ለታወቀና ለተወሰነ ጉዳይ መሆን አለበት፤ ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፤ ካስፈለገው ጊዜ በላይም አይቀመጥም፤ ባለጉዳዩም ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማየት መብት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ያነበበ አሠሪ፤ መከታተያው በቀን 14 ሰዓት የነዳ ሰው ካሳየው፤ የትርፍ ሰዓት ዕዳውን በገዛ እጁ እየጻፈ መሆኑን ይረዳዋል። ሹፌሩም ይህን ይወቅ።

የሐርጌሳ አሠሪዎች፤ ድርጅትም ይሁን ነጋዴ፤ ሕግ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። መሣሪያው መኖሩን፤ ምን እንደሚመዘግብና ማን እንደሚያየው ለነጂው በሚያነበው ቋንቋ፤ በሶማልኛም ይሁን በአማርኛ፤ ጽፈው ያስፈርሙት። በምሥጢር የተለጠፈ መሣሪያ የተገኘ እንደ ሆነ ሌባው ማን እንደ ሆነ ያጠያይቃል። ከሥራ ሰዓት ውጭ መኪናው ካልተሰረቀ በቀር መዝገቡ አይከፈት፤ ይህን ለማድረግ የሚያስችል ማብሪያና ማጥፊያ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ አለ፤ የጐደለው ፈቃድ ብቻ ነው። ማንም ሰው ነጥብ ስለ ታየበት ብቻ ከሥራው አይባረር፤ ተጠርቶ ቃሉን ይስጥ፤ ወንዝ ሞልቶ እንደ ሆነ ወንዙ ራሱ ይመሰክራል። አደጋ በደረሰ ጊዜም የዚያን ቀን መዝገብ ሳይነካ ለነጂውና ለሽማግሌዎች ግልባጩ ይሰጥ።

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው ይሰማል። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በመኪናቸው ላይ መሣሪያ ያልተገጠመባቸው ናቸው። እኛ ደግሞ እንጠይቃቸው፤ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የሚነዱት መኪና የድርጅቱ አይደለምን? የእርሳቸው ነጥብ በማን መስኮት ላይ ይታያል? ደንቡ ከሥራ አስኪያጁ መኪና ቢጀምር፤ የማታው ምዝገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደሚቀር አንጠራጠርም።

የሚብሰው ደግሞ እየመጣ ያለው ነው። አሁን ከመኪናው ይልቅ ስልኩን መከታተል ቀላል ሆኗል፤ ገንዘብ ሰብሳቢው፣ ዕቃ አድራሹ፣ ሻጩ ሁሉ በገዛ ስልኩ ላይ የድርጅቱን ፕሮግራም እንዲጭን ይታዘዛል። በ2015 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የአንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ሠራተኛ፤ በስልኳ ላይ የተጫነው መከታተያ 24 ሰዓት እንዲበራ መታዘዟን ተቃውማ ፕሮግራሙን ስላጠፋች ተባረርኩ ብላ ክስ አቅርባ ነበር። ሐርጌሳ ገንዘብ በስልክ የሚላክባትና የሚመነዘርባት ከተማ ናት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ዛድን የለመደ ሕዝብ ስልኩን ከኪሱ አያወጣም፤ ከአልጋውም አያርቀውም። መኪና ማታ በደጅ ይቆማል፤ ስልክ ግን ከባለቤቱ ጋር ይገባል፤ ይተኛል። ስለዚህ ሠራተኛውን በስልክ መከታተል የሚፈልግ ድርጅት ስልኩን ራሱ ይግዛለት፤ ሠራተኛውም ሥራውን ሲጨርስ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ቈልፎበት ወደ ቤቱ ይሂድ።